አንድ ኪቦርድና አንድ ማውስ ለአዲሱም ለአሮጌውም ኮምፒውተር፦ እኔ እንዴት እንዳደረግኩት

ጠረጴዛዬ ላይ ሶስት ኮምፒውተር አለ። አንዱ በየቀኑ የምሰራበት ዊንዶውስ 11 ላፕቶፕ ነው፣ ሁለተኛው ዊንዶውስ 98 የተጫነበት ፔንቲየም 3፣ ሶስተኛው ደሞ ከዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው፣ ትእዛዝ እየጻፉ የሚሰሩበት ሲስተም) ውጪ የማያውቅ 486 ሽማግሌ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሶስቱም የየራሳቸው ኪቦርድና ማውስ ነበራቸውና አንዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ስጽፍ ሌላው ላይ የቡና ስኒ ተቀምጦበት፣ ሶስተኛው ሞኒተሩ ላይ ተደግፎ፣ ስንት ቀን በተሳሳተው ኪቦርድ ሶስት አራት መስመር ጽፌ ቀና ስል ስክሪኑ ባዶ ሆኖ አግኝቼዋለሁ መሰላችሁ።

አሮጌውን ለምን አትጥለውም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። 486ቱ ለጌም ነው፣ አልዋሽም። ፔንቲየሙ ግን ስራ አለው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደላት ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ከዛ በፊት እነ ቪዥዋል ግዕዝ፣ እነ ፓወር ግዕዝ ሁሉም ፊደሉን በራሳቸው መንገድ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ስለዚህ ያኔ የተጻፈ ዶክመንት ዛሬ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚታየው እንቆቅልሽ ነው። አባቴ በዛ ዘመን የጻፋቸው አንድ ካርቶን ፍሎፒ አሉ፣ እነሱን በተጻፉበት ሶፍትዌር ከፍቼ እያየሁ ላፕቶፑ ላይ በዩኒኮድ እየገለበጥኩ ነው። አስቡት፣ አንድ አንቀጽ ለመገልበጥ አስር ጊዜ ኪቦርድ መቀያየር።

እና አንድ ኪቦርድ ለሶስቱም ማድረግ ፈለግኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር እኮ።

መጀመሪያ ከጀርባ ግቡ

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪ ይዛችሁ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ግቡና ቀዳዳዎቹን እዩ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዛ ነው።

ትንሽ ክብ ሆና ስድስት የፒን ቀዳዳ ያላት ከሆነች ፒኤስ/2 ናት፣ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያመጣት። ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው፣ ወይንጠጇ ለኪቦርድ አረንጓዴዋ ለማውስ። ቀለሙ ኋላ የመጣ ስለሆነ ቆየት ያለ ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱም ጥቁር ሊሆኑ ይችላሉ፣ ያኔ አጠገባቸው የተሳለችውን ምልክት ማየት ነው።

አውራ ጣት የምታክል ትልቅ ክብ ሆና አምስት ቀዳዳ ካላት ደሞ የድሮው የኪቦርድ ሶኬት ናት። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ ምክንያቱም አንድ አይነት ሶኬት ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው ያገለገለው። የመጀመሪያው የ1981ዱ አይቢኤም ፒሲና ኤክስቲ የሚባሉት ናቸው፣ እነሱ ጋ ኪቦርዱ ይናገራል ኮምፒውተሩ ይሰማል፣ መልስ የለም። ሁለተኛው ከ286 ጀምሮ ያለው ኤቲ ነው፣ እሱ ጋ ሁለቱም ይነጋገራሉ፣ ቋንቋውም ከፒኤስ/2 ጋር አንድ ነው፣ የሶኬት ቅርጽ ልዩነት ብቻ ስለሆነ ተራ አዳፕተር ይበቃል። አንዳንድ የድሮ ኪቦርድ ገልበጥ ስታደርጉት ሆዱ ላይ ኤክስቲና ኤቲ የሚል ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ የሚመስል ነገር አለው፣ ለዚህ ነው።

ማውስስ? 486ና ከዛ በፊት ያሉት ላይ ብዙ ጊዜ የማውስ ፒኤስ/2 የላቸውም፣ ዘጠኝ ጥርስ ያላት ጠፍጣፋዋ የሲሪያል ፖርት ናት ማውስ የሚሰካባት። የድሮ ማኪንቶሽ ያላችሁ ደሞ ሌላ አለም ናችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1999 አካባቢ የነበሩት የአፕል ማሽኖች ኤዲቢ የሚባል አራት ፒን ያለው ክብ ሶኬት ነበራቸው፣ ኪቦርዱም ማውሱም አንዱ በአንዱ ላይ እየተቀጣጠለ ነው የሚሰካው።

ዩኤስቢ ካያችሁ ወዲያው ደስ አይበላችሁ። ዊንዶውስ 98 ዩኤስቢ ኪቦርድ ያውቃል፣ ግን ዊንዶውስ ተነስቶ እስኪያልቅ ድረስ ባዮሱ (ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ራሱ ካላወቀው ኤፍ8 መጫን የለም፣ ዶስ የለም። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ዩኤስቢ ሌጋሲ ሰፖርት ወይም ዩኤስቢ ኪቦርድ ሰፖርት የሚል ካለ ክፈቱት፣ ከሌለ ሌላ መንገድ ፈልጉ። ኧረ ደሞ የመጀመሪያ ቀን ዩኤስቢ ማውስ ስትሰኩ አዲስ ሃርድዌር አግኝቻለሁ የምትል መስኮት ትመጣና ቀጥል የሚለውን ጫን ትላችኋለች፣ በምን ልጫነው፣ ማውሱ እኮ ድራይቨሩ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያስተዋውቀው ፕሮግራም፣ ገና ሊጫንለት ነው! ስለዚህ ለዛች ቀን ፒኤስ/2 ኪቦርድ አጠገባችሁ ይኑር።

አረንጓዴዋ አዳፕተር ወጥመድ ናት

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ምናለሽ ተራ ሄጄ ዩኤስቢን ወደ ፒኤስ/2 የምትቀይረውን ጣት የምታክል አዳፕተር ገዛሁ፣ አዲሱን ኪቦርዴን ሰካሁባት፣ ፔንቲየሙን አስነሳሁ፣ ኪቦርዱ ጨለማ። መብራቱ ብልጭ እንኳን አላለም። ኪቦርድ የለም፣ ለመቀጠል ኤፍ1 ተጫን አለኝ። ይቺን ጽሁፍ የምታውቁ ታውቋታላችሁ፣ ኪቦርድ የለም ብሎ ኪቦርድ ተጫን የሚል።

በነጋታው ልመልስ ስሄድ አሮጌ እቃ የሚሸጡት ሰውዬ ሳቁብኝ። «ጋሼ ይሄ አይሰራም» ስላቸው «ልጄ እሱ ሽቦ ብቻ ነው፣ ኪቦርድህ ድሮ ከሱ ጋር አብሮ የተሸጠ ካልሆነ ምን ያድርግህ» አሉኝ። ትክክል ናቸው። እቺ አዳፕተር ውስጧ ምንም የለም፣ ሽቦውን ከዚህ ወደዚያ ነው የምታደርሰው። የምትሰራው ኪቦርዱ ራሱ ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ሲሆን ብቻ ነው፣ ዩኤስቢም ፒኤስ/2ም፣ እንደዛ አይነት ኪቦርዶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዳፕተሯ ጋር አብረው ነበር የሚሸጡት። ዛሬ የሚሸጠው ኪቦርድ አብዛኛው ዩኤስቢ ብቻ ነው የሚናገረው፣ ፒኤስ/2 ላይ ስትሰኩት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ሁለተኛው ጥፋቴ ደሞ ከዚህ ይብሳል። ኮምፒውተሩ እየሰራ ነቅዬ ሰካሁ። የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች እንደሚባለው፣ ፒኤስ/2 እንደ ዩኤስቢ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ በርቶ መንቀልና መሰካት አልተሰራለትም። ብዙ ጊዜ ምንም አይፈጠርም፣ ኪቦርዱ ዝም ይላል ሪስታርት ስታደርጉት ይመለሳል። የእኔ ግን አልተመለሰም፣ ከፖርቱ አጠገብ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደች የሩዝ ፍሬ የምታክል ፊውዝ ተቃጠለች፣ ለሷ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ኤቲም ኤዲቢም እንደዛው ናቸው። አጥፉ፣ ሰኩ፣ አብሩ። በቃ።

በኔትወርክ ማድረግ ይቻላል፣ ግን

ሁሉም ኮምፒውተራችሁ አዲስ ከሆነ ምንም መግዛት አይጠበቅባችሁም። ሁለቱም ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆኑ የማይክሮሶፍት ፓወርቶይስ ውስጥ ማውስ ዊዝአውት ቦርደርስ የሚባል አለ፣ እስከ አራት ኮምፒውተር ያያይዛል። ማክ ለማክ ከሆነ ከማክኦኤስ 12.3 ጀምሮ ዩኒቨርሳል ኮንትሮል ውስጡ አለ። የተቀላቀለ ከሆነ፣ ሊኑክስም ማክም ዊንዶውስም፣ ባሪየር ወይም የሱ ተከታይ ኢንፑት ሊፕ ወይም ዴስክፍሎው። ሀሳቡ አንድ ነው፣ ኪቦርዱና ማውሱ የተሰካበት ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል፣ ሌሎቹ ክላየንት፣ ማውሱን ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ስትገፉት ጎረቤት ስክሪን ላይ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ቀን ሲሰራ ሳየው እንደ ልጅ ነው የሳቅኩት።

የሚገርመው ይሄ ነገር እስከ ዊንዶውስ 98 ድረስ ይወርዳል። የእነዚህ ሁሉ አባት ሲነርጂ የሚባለው ነው፣ የድሮው 1.3.1 ቨርዥን ዊንዶውስ 95ና 98 ላይ ይጫናል፣ ባሪየር ሰርቨር ደሞ ከሱ በፊት የነበሩ ክላየንቶችን ቋንቋ አሁንም ያውቃል። አደራረጉ እንዲህ ነው። ፔንቲየሙ ኔትወርክ ካርድ ይኑረው፣ በኬብል ራውተሩ ላይ ሰኩት፣ ዋይፋዩ ይቅርባችሁ ከዛሬ ራውተር ፓስወርድ ጋር 98ን ማስማማት ሌላ የአንድ ሳምንት ስራ ነው። ላፕቶፑ ላይ ባሪየርን ሰርቨር አድርጉና ሴቲንግ ገብታችሁ ኤስኤስኤል የሚለውን (የሚላከውን የሚመሰጥረው ነው) አጥፉት፣ አሮጌው ሲነርጂ እሱን አያውቅም፣ እሱ ካልጠፋ ክላየንቱ ሲሞክር ሲሞክር ይውላል። ፋየርዎሉ ሲጠይቃችሁ ፍቀዱ፣ ፖርቱ 24800 ነው። ከዛ ሰርቨሩ ላይ ስክሪኖቹን በምታስቀምጡበት ሳጥን ውስጥ የ98ቱን ስክሪን ጨምሩና ስሙን ልክ ኮምፒውተሩ ራሱን በሚጠራበት ስም ጻፉት፣ አንዲት ፊደል ብትለይ አይገባም። 98ቱ ላይ ስሙ ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ አይደንቲፊኬሽን የሚለው ስር ነው ያለው። ከዛ ሲነርጂውን ክላየንት አድርጉት፣ የላፕቶፑን አይፒ አድሬስ ጻፉ፣ ስታርት ከማለታችሁ በፊት ቴስት የሚለውን ተጫኑ፣ ስህተት ካለ እዛው በጽሁፍ ያሳያችኋል።

ሰርቷል፣ ለሁለት ሳምንት ተጠቅሜበታለሁ። ለምን እንደተውኩት ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሶፍትዌሩ የሚነሳው ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ነው። ባዮስ ውስጥ መግባት፣ ዶስ ሞድ፣ ኮምፒውተሩ ድርቅ ሲል ኮንትሮል አልት ዲሊት፣ እነዚህ ሁሉ የሉም፣ ስለዚህ ሁለተኛው ኪቦርድ ከጠረጴዛው አልተነሳም ማለት ነው። ለ486ቱ ደሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ሁለተኛ፣ ኤስኤስኤል ስለጠፋ የምትጽፉት ሁሉ፣ ፓስወርድ ቢሆን፣ ኔትወርኩ ላይ ገላጣውን ነው የሚሄደው። ቤት ውስጥ ችግር የለውም፣ ቢሮ ወይም ከጎረቤት ጋር የምትጋሩት ዋይፋይ ላይ ግን አልመክርም።

ሶስተኛውና ዋናው ምክንያት አማርኛ ነው። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው። ሶፍትዌሩ የሚልከው ፊደል ነው፣ ሃርድዌር የሚልከው ደሞ ቁልፍ ነው። ልዩነቱ ምንድነው? በሽቦ የተሰካ ኪቦርድ ላይ «ለ» ብዬ የምጫናት ቁልፍ ስትጫን ኪቦርዱ ስለ ፊደል ምንም አያውቅም፣ ይቺኛዋ ቁልፍ ተጫነች ብቻ ነው የሚለው፣ ፊደሉን የሚወስነው ተቀባዩ ኮምፒውተር ነው፣ ስለዚህ 98ቱ ላይ ፓወር ግዕዝ ክፍት ከሆነ በራሱ አቀማመጥ አማርኛ ይጽፋል። እነ ባሪየር ግን ላፕቶፑ የተጫነችውን ቁልፍ መጀመሪያ ወደ ፊደል ተርጉሞ ነው የሚልከው። ላፕቶፑ ላይ አማርኛ ከፍታችሁ ረስታችሁ ወደ 98ቱ ከተሻገራችሁ እዛ የሚወጣው ወይ ምንም ነው ወይ ያልጠበቃችሁት ነገር። እኔ ደሞ ስራዬ በሙሉ ከአማርኛ ወደ አማርኛ መገልበጥ ነው፣ በየደቂቃው እየረሳሁ ስሰደብ ነበር፣ በራሴ ማለቴ ነው። በሶፍትዌር መንገድ ለመቀጠል የምትፈልጉ ካላችሁ መፍትሄው ሰርቨሩን እንግሊዝኛ ላይ ትቶ አማርኛውን የሚጻፍበት ኮምፒውተር ላይ መክፈት ነው፣ ከመሻገር በፊት ሁሌ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ።

ኬቪኤም ስዊች፣ እና ማውስ ሲያብድ

ቀጥሎ የሞከርኩት ኬቪኤም ነው፣ ያቺ ሁለት ወይም አራት ኮምፒውተር በአንድ ኪቦርድ፣ ማውስና ሞኒተር የምታያይዝ ሳጥን። ፒኤስ/2 ያላቸው ድሮ በየቢሮው ነበሩ፣ አሁን በርካሽ ይገኛሉ፣ ስክሮል ሎክን ሁለቴ ስትጫኑ ብዙዎቹ ወደሚቀጥለው ይዞራሉ። እዚህ ጋ አንዲት ነገር፣ ሲነርጂና ባሪየር ደሞ ስክሮል ሎክን ማውሱ ከስክሪኑ እንዳይወጣ ለመቆለፍ ነው የሚጠቀሙባት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው ማውሱ ለምን እንደታሰረበት ሲፈልግ ይውላል።

የእኔ ሳጥን ርካሿ ነበረች፣ በእጅ የምትዞር፣ ውስጧ ሽቦ ከመቀያየር ውጪ ምንም የሌላት። ኪቦርዱ ሰራ። ማውሱ ግን ከ486ቱ ዶስ ወደ 98ቱ ስመለስ አበደ። ወደ ቀኝ ስገፋው ወደ ላይ ይዘላል፣ ሳልነካው ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ አንድ ጊዜ የአባቴን ፎልደር ጎትቶ ሌላ ፎልደር ውስጥ ከተተው፣ ደንግጬ ገመዱን ነቀልኩት። አያችሁ፣ ተሻሽዬ አልነበረም።

ለምን እንደሆነ ካወቃችሁት መፍትሄው ይገባችኋል። ተራ የፒኤስ/2 ማውስ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሶስት ባይት ነው የሚልከው። መሽከርከሪያ ያለው ማውስ ደሞ አራት ይልካል፣ ግን ዝም ብሎ አይደለም፣ ዊንዶውስ ሲነሳ ድራይቨሩ ለማውሱ ሶስት የፍጥነት ቁጥሮች ተከታትሎ ይልክለታል፣ 200፣ 100፣ 80፣ እንደ ሚስጥር ማንኳኳት ማለት ነው፣ ማውሱ ይሄን ሲሰማ መሽከርከሪያ አለኝ ብሎ ይመልስና ወደ አራት ባይት ይዞራል። እሺ። አሁን ሳጥኗን ወደ 486ቱ አዞርኳት፣ ዶሱ ማውሱን እንደ አዲስ አስነሳው፣ ማውሱ ወደ ሶስት ባይት ተመለሰ። ወደ 98ቱ ሳዞራት 98ቱ ይሄን አልሰማም፣ አሁንም በአራት በአራት ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ የአንዱን እንቅስቃሴ ራስ ከሌላው እግር ጋር እያገናኘ ያነባል። እብደቱ እሱ ነው። (486ዬ ፒኤስ/2 ማውስ የምትቀበል ካርድ ነበረችው ያኔ፣ ኋላ ሞተች፣ አሁን በሲሪያል ነው።)

ስለዚህ ኬቪኤም የምትገዙ ከሆነ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፣ ኢሙሌሽን አለው ወይ በሉት። ኢሙሌሽን ያለው ሳጥን ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ኪቦርድና ማውስ ሁሌ እንደተሰካለት አድርጎ ይዋሽለታል፣ ስታዞሩት ኮምፒውተሩ ምንም አይሰማም፣ እናንተ ሌላ ጋ እያላችሁ ሪስታርት ቢያደርግም ኤፍ1 ተጫን አይልም። ሻጩ ካላወቀ ሳጥኗን ራሳችሁ እዩ፣ የራሷ የኤሌክትሪክ አዳፕተር የሌላት፣ በእጅ ቀጭ ቀጭ የምትል ከሆነች በአብዛኛው የላትም።

አሁን የምጠቀምበት

በመጨረሻ የተረጋጋሁት በዚህ ነው። ተራ የሽቦ ዩኤስቢ ኪቦርድና ማውስ፣ እነሱ አንዲት ዩኤስቢ ስዊች ላይ ይሰካሉ፣ አራት ኮምፒውተር የምትቀበልና ላይዋ ቁልፍ ያላት፣ ሞኒተር የማትነካ። ከስዊቿ አንዱ ገመድ በቀጥታ ላፕቶፑ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛውና ሶስተኛው ገመድ ግን አሮጌዎቹ ጋ ከመድረሳቸው በፊት አስተርጓሚ ያገኛሉ።

አስተርጓሚ ያልኩት ዩኤስቢን ተቀብሎ የድሮውን ቋንቋ የሚናገር ትንሽ ሰርኪት ነው፣ እንደ አረንጓዴዋ አዳፕተር ሽቦ ብቻ ሳይሆን ውስጡ ኮምፒውተር ያለበት። የማውቃቸው ሶስት ክፍት ፕሮጀክቶች አሉ፣ ስዕሉም ሶፍትዌሩም በነጻ የሚገኝ። ኤችአይዲማን የሚባለው ለፒሲ የተሰራ ነው፣ ኪቦርዱን ወደ ኤክስቲም ኤቲም ፒኤስ/2ም ይቀይራል፣ ማውሱን ደሞ ወደ ፒኤስ/2 ወይም ወደ ሲሪያል፣ ለ486 ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ዩኤስቢ4ቪሲ የሚባለው ራስፕቤሪ ፓይ በምትባለው ትንሽዬ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ነው፣ ኤዲቢም ስለሚችል ማክ ያላችሁ እሱን እዩ። ሶስተኛው ፒኤስ2ኤክስ2ፒኮ ነው፣ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ በምትባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በ4 ዶላር በወጣችው ትንሽ ቦርድ ላይ የሚሰራ፣ ሶልደር ማድረግ ለሚችል ሰው በጣም ርካሹ መንገድ እሱ ነው። እሱን የምትሰሩ ከሆነ አንዲት ነገር እንዳትረሱ፣ ፒኮ በ3.3 ቮልት ነው የምትሰራው የድሮው ፖርት ደሞ በ5 ቮልት፣ መሀል ላይ ቮልቴጅ የሚያስማማውን ትንሽ ቦርድ ሳታስገቡ በቀጥታ ካገናኛችኋት ፒኮዋን ልትገድሏት ትችላላችሁ። ውጪ ያለ ዘመድ ካላችሁ ተሰርተው ያለቁትን በሱ በኩል ማስመጣት ይሻላል፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ አላገኘኋቸውም።

አሰካኩ። ፔንቲየሙ ጠፍቶ ከአስተርጓሚው የወጡትን ሁለት ገመዶች በወይንጠጇና በአረንጓዴዋ ላይ ሰካሁ፣ ከስዊቿ የመጣውን ዩኤስቢ በአስተርጓሚው ሌላኛው ጎን። 486ቱ ላይ የኪቦርዱን ገመድ ከፒኤስ/2 ወደ ትልቋ ክብ በምትቀይር አዳፕተር (ይቺኛዋ ሽቦ ብቻ መሆኗ ችግር የለውም፣ ቋንቋው አንድ ነው ብያችኋለሁ)፣ ማውሱን ደሞ በዘጠኝ ጥርሱ ሲሪያል ላይ። ከዛ አበራሁ። አስተርጓሚው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከአሮጌው ኮምፒውተር ነው፣ ስለዚህ ስዊቿ ሌላ ጋ ዞራ ቢሆን እንኳን እሱ በቦታው ተቀምጦ አለሁ ይላል። ኬቪኤም ላይ ኢሙሌሽን ያልኳችሁ ማለት ነው፣ እዚህ በነጻ መጣ።

ኪቦርዱ ቀለል ያለ ይሁን። በቀስተ ደመና የሚያበሩት፣ በራሳቸው ውስጥ ዩኤስቢ ሀብ ያላቸው፣ ከፖርቱ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣሉ፣ የሰላሳ አመት ማዘርቦርድ ለዛ አልተዘጋጀም፣ ፊውዟን ደሞ ነግሬያችኋለሁ። ገመድ አልባ የምትወዱ ሰዎች፣ የራሷ ትንሽ ዩኤስቢ መቀበያ ያላት አይነት አንዳንዷ ትሰራለች አንዳንዷ እምቢ ትላለች፣ በብሉቱዝ ብቻ የምትገናኘውን ግን እርሷት።

ዶስ ላይ ማውስ ድራይቨር መጫን አለባችሁ፣ ፍሪዶስ ከሚባለው ነጻ ዶስ ጋር የሚመጣው ኪዩትማውስ የሚባለው ትንሽ ነው፣ ሚሞሪ አይበላም፣ ሲሪያልም ፒኤስ/2ም ያውቃል። ዶስ ሲነሳ በሚያነበው አውቶኤክሴክ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጨምሩለት። ድራይቨሩ ማውሱን የሚፈልገው ሲነሳ አንዴ ብቻ ስለሆነ ያኔ ካላገኘው ማውስ የለም ብሎ ይወጣል፣ ድሮ በባዶ ሳጥኗ ጊዜ ለዚህ ስል 486ቱን ከማብራቴ በፊት ማዞሪያዋን እሱ ላይ ማድረግ ነበረብኝ።

መሬት። ይሄን በደንብ ስሙኝ፣ በተለይ የድሮ ቤት ውስጥ ያላችሁ። እነዚህን ገመዶች ስታያይዙ የሶስቱም ኮምፒውተሮች ብረት እርስ በርስ ተገናኘ ማለት ነው። አንዱ መሬት ባለው ሶኬት ላይ ሌላው በሁለት እግር ዲቫይደር ላይ ከሆነ በመሀላቸው ኤሌክትሪክ ይንሸራሸራል፣ የኮምፒውተሩን ሳጥን በባዶ እግር ስትነኩት ነዘር የሚያደርጋችሁ ካለ እሱ ነው፣ ያ ነገር በሲሪያል ገመድ ውስጥ ሲያልፍ ፖርት ያቃጥላል። ሶስቱንም መሬት ባለው አንድ ግድግዳ ሶኬት፣ ሶስት እግር ባለው አንድ ኤክስቴንሽን ላይ አድርጓቸው፣ ገመድ ከማያያዛችሁ በፊት።

ሞኒተሩን ብዙ አልዘበዝብም፣ የእኔ ኤችዲኤምአይም ቪጂኤም ስላለው ላፕቶፑ በአንዱ ሁለቱ አሮጌዎች በሌላው ናቸው፣ ቪጂኤዋን ለሁለቱ የምታካፍል በእጅ የምትዞር ሳጥን አለች፣ ያቺ ማውስ ያሳበደችብኝ ናት፣ ለስክሪን ምንም አይላትም።

ከለመዳችሁ በኋላ የምትቀር አንዲት ችግር አለች፣ ካፕስ ሎክ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ነው የሚያስታውሰው፣ 98ቱ ላይ ከፍታችሁት ወደ ላፕቶፑ ዞራችሁ ስትመለሱ መብራቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል ፊደሉ ግን ትልቅ ነው የሚወጣው። አንዴ ስትጫኗት ትስተካከላለች። ፓወር ግዕዝ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል የተለያየ የአማርኛ ሆሄ ስለሚሰጥ መጀመሪያ ቀን ሶፍትዌሩ የተበላሸ መስሎኝ ግማሽ ሰአት ፈጅቻለሁ።

ገመዶቹ ላይ ደሞ ፕላስተር ለጥፋችሁ በስክሪብቶ 98፣ 486፣ ላፕቶፕ ብላችሁ ጻፉ፣ ከጠረጴዛ ስር ሁሉም ጥቁር ናቸው። አንድ እውነተኛ ፒኤስ/2 ኪቦርድም መሳቢያ ውስጥ አስቀሩ፣ እኔ ከተረፉኝ ሁለቱ አንዱን ለጋሼ መልሼ ሸጥኩላቸው፣ ሌላውን ግን አልሰጠኋቸውም፣ አስተርጓሚው እምቢ ያለ ቀን እሱ ነው ባዮስ የሚከፍትልኝ።